ውሃ የበዛበት በርበሬና የአቶ ዱባለ እጅ

ይድረስ ለወንድምዓለሜ ለከማሉ ሰይዶ፣ አሰብ ወደብ።

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱሁ። እንደምን ሰንብተሃል? ጤናህስ እንዴት ነው? ያ የአሰብ ሙቀት ዘንድሮ እንዴት ያደርግሃል? ወገቤን ይይዘኛል ብለህ የጻፍከው ተሻለህ ወይስ ጆንያ ስታነሣ አሁንም ይቀስፍሃል? ምግቡስ፣ እንቅልፉስ? አብረውህ የሚያድሩት የአገራችን ልጆች ሁሉም ደህና ናቸው? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ሰው ደብዳቤ ሲጽፍ እንዲህ ነውና የሚለው እኔም ብያለሁ። እውነቱን ከፈለግህ ግን እናታችን ደህና ናት፣ እህታችን ሰፍያ ደህና ናት፣ አባታችንም ከቁጣ በቀር ሌላ ሕመም የለባቸውም። እኔ ከፊት ሁለት ጥርስ ጎድሎኛል፤ የቀረው ሁሉ ደህና ነው።

ወንድምዓለም፣ ነገር ማዞር እንደማልችል ታውቃለህ። ስለዚህ አስቀድሜ ልንገርህ። የሰው እጅ ሰብሬአለሁ። ቀጥቃጩን ዱባለን መቼም አትረሳቸውም፤ ከገበያው ወዲያ ከባሕር ዛፎቹ ሥር ማረሻና ማጭድ የሚሠሩልን ሰው ናቸው። ቀኝ እጃቸውን ብረት በሚቀጠቅጡበት በገዛ መስፋቸው ላይ፣ በገዛ መዶሻቸው የቀጠቀጥኩት እኔ ነኝ። ከአውቶቡስ ወራጅ አፍ ከምትሰማው ከወንድምህ እጅ ይድረስህ ብዬ ነው ወረቀት ያነሣሁት። «አቶ» እያልኩ፣ «እርሳቸው» እያልኩ ስጽፍም አትገረም። እኔና አንተ ገና ሱሪ ሳንታጠቅ ያን ሽማግሌ «አንተ ዱባለ!» እያልን ስንጣራ ማንም ተው ያለን አልነበረም። እኔ አሁን ትቻለሁ፤ እንዴት እንደተውኩት ነው የምጽፍልህ።

የዛሬ ሁለት ዓመት የላክህልኝ ደብዳቤ እስካሁን ኪሴ ውስጥ ነው፤ እጥፋቱ ላይ ተበጣጥሷል። «እኛ መቶ ሆነን ቀኑን ሙሉ የምንሸከመውን እዚህ አንድ የብረት ክንድ አንሥቶ ያወርደዋል። ያ ክንድ ሲበላሽ ደግሞ ከባሕር ማዶ ሰው እስኪመጣ መቶአችንም እጃችንን አጣጥፈን እንቀመጣለን። ድሀ የሆንነው ጉልበት አንሶን አይደለም፣ ሆዱን ከፍቶ የሚያይ ሰው ከመካከላችን ጠፍቶ ነው። አንተ እንደ እኔ ጀርባህን አትሽጥ፣ እጅህን አስተምር» ብለህ ነበር። ቃልህን ሰምቼ ከመምህር ካሳሁን ዘንድ ገባሁ። ይህን የማነሣው ጥፋቴን ላንተ ላሸክምህ አይደለም። ምክርህ ትክክል ነበር፤ የተበላሸው እኔ ጋ ደርሶ ነው።

መምህር ካሳሁን ከአዲስ አበባ ቴክኒክ ትምህርት ቤት ተመርቀው የመጡ ቀጭን፣ ችኩል፣ ሲናገሩ እጃቸው የማያርፍ ሰው ናቸው። ከገበያው ጀርባ አንድ የሣር ክዳን አዳራሽ ተከራይተው የእጅ ሙያ ትምህርት ከፈቱ። ሁለት ሞርሳ፣ ጥቂት ሞረድና መዶሻ፣ አንድ ጥቁር ሰሌዳ፣ አሥራ አንድ ተማሪ። የመጀመሪያውን ወር ብሎን ስንፈታና ስናጠብቅ ከረምን። በሁለተኛው ወር መምህሩ «ብረት ማጋልና ማጠንከር ከመጽሐፍ አይገኝም፤ ከዚህ አገር አንድ ሰው ብቻ ያውቀዋል» ብለው አቶ ዱባለን ከነወናፋቸው አምጥተው በአዳራሹ ጎን ዳስ ሠሩላቸው። ቀጥቃጭ መምህር ሆነ ማለት ነው። በማግስቱ ከአሥራ አንዳችን አምስት ብቻ ቀረን።

እኔም የቀረሁት ጀግና ሆኜ እንዳይመስልህ፤ ግትር ስለሆንኩ ነው። አባታችን ጉጠት ይዤ ወናፍ ስነፋ ያዩኝ ቀን በበሬ ጅራፍ ከገበያው እስከ ቤታችን ድረስ እየገረፉ ነዱኝ። «ከእኔ ቤት ቀጥቃጭ አይወጣም፣ ከወጣም በድን ሆኖ ነው» አሉ። ጀርባዬ ሳይደርቅ ተመለስኩ። አቶ ዱባለ የተቀደደ ሸሚዜን አይተው መዶሻውን ሰጡኝና «ከአንገቱ አትያዘው፣ ወደ ጫፉ ውረድ፣ ክብደቱ ይሥራልህ» ብለው ክርኔን በጉጠት መቱኝ። መቼም አጥብቄ የያዝኩት ትምህርት እርሱ ነው። ያን ነገር ልብ በልልኝ፣ ኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን ስለ ፓምፑ ልንገርህ። አዲስ አበባ ያሉ የአገራችን ልጆች አዋጥተው የላኩት የውሃ መሳቢያ ሞተር፣ በእንሴኖ መንገድ ከወንዙ ዳር ለሚያርሱት ዘጠኝ ቤተሰቦች የተሰጠው። ከእነርሱም አንዱ የአጎታችን ልጅ፣ አብሮ አደግህ ሀቢቡ ነው። ሞተሩ በመጣ በሁለተኛው ሳምንት ከፓምፑ ጋር የሚያያይዘው ብረት ለሁለት ተሰበረ። ሞተር ላኩ እንጂ ትምህርት አብረው አልላኩም፤ ስለዚህ ሁለት ዓመት ሙሉ ዶሮ እንቁላል ስትጥልበት ኖረ። መምህር ካሳሁን የተሰበረውን ብረት ለክተው በወረቀት ሣሉት። አቶ ዱባለ ከአሮጌ የጭነት መኪና ባሌስትራ ሊሠሩት ተስማሙ። ግን ልኩ እዚያው ሞተሩ ላይ እየተሞከረ ነው የሚሠራው፤ ስለዚህ እሳቱም ሰውየውም ወደ እርሻው መሄድ አለባቸው።

እንግዲህ ያገራችንን ነገር ታውቃለህ። ቀጥቃጭ የእህል መሬት አይረግጥም፤ ከረገጠ መሬቱ ይመክናል ይባላል። የሰው ዋንጫም አይነካም፤ ሲጠማው በእንሰት ቅጠል ነው ውሃ የሚሰጠው። ዘጠኙ ቤተሰቦች ሲከራከሩ ሰነበቱና ጥሙ አሸነፋቸው። መሬቱ የባላባቱ ነው፤ ምርት ያላገኘ ጭሰኛ ይነሣል፤ በልጉም ዘንድሮ እምቢ ብሏል። በመጨረሻ «እሺ፣ ይግባ፣ ግን አንድ ቦታ ይቀመጥ» አሉ። ከእርሻው ጥግ ካለችው ጉብታ ላይ እሳታቸውን አስቀመጡላቸው። ሁለት ቀን እዚያች ጉብታ ላይ ቆመው፣ ተቀምጠው፣ ተመላልሰው፣ አመዳቸውን ደፍተው ሠሩ። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት ሞተሩ ሦስቴ ሳለና ተነሣ። ውሃው ቦዩ ውስጥ ሲገባ ሴቶቹ እልል አሉ፣ ሀቢቡ እኔን ትከሻው ላይ ተሸክሞ ዞረ። ለአቶ ዱባለ በእንሰት ቅጠል ውሃ ሰጧቸው።

ሞተሩን የማስነሣትና የማጥፋት ሥራ ለእኔ ተሰጠኝ። ወንድምዓለም፣ ክብር ምን እንደሚያደርግ ታውቃለህ? ያን ሰሞን መሬት አልረግጥም ነበር። የበርበሬው ችግኝ መጋቢት ላይ ተተከለ። እኛ ልጅ ከሆንን ጀምሮ ውሃ ስንለምን እንጂ ውሃ በቃ ስንል ሰምተህ ታውቃለህ? ውሃ በረከት ነው፣ በረከት ደግሞ አይጠላም ብዬ ሞተሩን ጠዋት አስነሥቼ ጀንበር ስታዘቀዝቅ አጠፋው ጀመር። በየቀኑ። ገበሬዎቹ ስለ ሞተር የማውቀው እኔ ነኝ ብለው ዝም አሉ፤ እኔ ደግሞ ስለ በርበሬ የሚያውቁት እነርሱ ናቸው፣ ከበዛ ይናገራሉ ብዬ ዝም አልኩ። መምህር ካሳሁንም እንዴት እንደሚነሣ አስተማሩኝ እንጂ መቼ እንደሚጠፋ አልጠየቅኋቸውም፣ አልነገሩኝም።

የተናገሩት አንድ ሰው ብቻ ናቸው። አቶ ዱባለ አንድ ቀን በመንገድ ሲያልፉ እርሻው ላይ የቆመውን ውሃ አዩና ጠሩኝ። «ይህ ውሃ በዝቷል። የጋለ ብረት እንኳ ውሃ ውስጥ ከልኩ በላይ ከቆየ ይሰነጠቃል» አሉኝ። እኔ ምን አልኩ መሰለህ? ሳቅሁ። «አንተ ደግሞ ስለ መሬት ምን ታውቃለህ? መሬት ኖሮህ ያውቃል?» አልኳቸው። እውነት ነው፣ መሬት ኖሯቸው አያውቅም፤ እኛ ነን የከለከልናቸው። ከልክለናቸው፣ ስለማያውቁት ሰደብናቸው። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቅንቀው ሄዱ።

በሚያዝያ አጋማሽ በርበሬው ጠወለገ። መጀመሪያ ቅጠሉ ተንጠለጠለ፣ ከዚያ ግንዱ ከሥሩ ጠቆረ፣ ስትነቅለው የበሰበሰ ነገር ይሸታል። እኔም ጠወለገ ብዬ ውሃ ጨመርኩበት! በሳምንቱ ዘጠኙም ማሳ ሞተ። የባላባቱ ሰው በበቅሎ መጥቶ ዞሮ አይቶ አንድ ቃል ሳይናገር ሄደ። ዝምታው ምን ማለት እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። በዚያኑ ቀን «የቀጥቃጭ እግር ነው» የሚል ወሬ ተነሣ። እኔ በዚያን ጊዜ ገብቶኝ ነበር። ከሥሩ የበሰበሰውን ግንድ በእጄ ይዤ፣ እግሬ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ጭቃ ውስጥ ሰጥሞ፣ ምን እንዳደረግሁ ገብቶኛል። አልተናገርኩም። ሰዉ ወደሌላ ሲያይ እፎይ አልኩ።

ሚያዝያ ሃያ አንድ ቀን፣ በገበያው ማግስት፣ ረፋዱ ላይ ሞርሳ ላይ ብረት ወጥሬ ስሞርድ የውሾች ጩኸት ሰማሁ። ቀና ስል መንገዱ በሰው ተሞልቷል። ገጀራ የያዘ አለ፣ ዱላ የያዘ አለ፣ አካፋ የያዘ አለ። ፊት ፊት የሚመራው ሀቢቡ ነው፤ የጠቆረ የበርበሬ ግንድ በእጁ ይዟል። መምህር ካሳሁን የሚያስተምሩበትን ወረቀት እንደያዙ ወጡና «ወንድሞቼ፣ እስቲ አስቀድመን መሬቱን እንይ» ሲሉ ሰምቻቸዋለሁ። አካፋው ቃላቸውን አላስጨረሳቸውም። ግንባራቸው ተተርትሮ ደሙ ዓይናቸውን ሞላው፤ ወረቀቱን ሳይለቁ በእንብርክካቸው ሄዱ። ጥቁር ሰሌዳውን በገጀራ ፈለጡት። ለሞተሩ ያስቀመጥነውን ናፍታ ክዳኑ ላይ ረጭተው ለኮሱት። ሌሎቹ ተማሪዎች በጓሮ አጥር እየዘለሉ አመለጡ። እኔን እግሬ እምቢ አለኝ።

አቶ ዱባለ ከዳሳቸው አልወጡም። ከፍሙ ውስጥ የጋለ ብረት በጉጠት አወጡና ወደ ሰዉ ዘርግተው «ኑ፣ ከማናችሁ ልጀምር?» አሉ። ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሲናገሩ የሰማኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው። ማንም አልቀረበም። ከኋላ የዞረ አንዱ በአጠና ትከሻቸውን ሲላቸው ብረቱ ወድቆ የአንዱን እግር ለበለበው። የሥጋው ሽታና የሰውየው ጩኸት ሰዉን ጭራሽ አሳበደው። በርግጫ ጣሏቸው፣ በዱላ ወረዱባቸው። ሁለት ሰው በደረታቸው ላይ ተቀመጠ፣ አንዱ ቀኝ እጃቸውን ጎትቶ መስፉ ላይ ዘረጋው። ሀቢቡ መዶሻውን ከመሬት አነሣና ዞሮ እኔን አየኝ። «ያንተም እጅ የእርሱን እሳት ነክቷል። ከእነርሱ ነህ ከእኛ? የሰይዶ ልጅ ከሆንህ አሳየን» ብሎ መዶሻውን አስጨበጠኝ።

ፈርቼ ነው ልልህ እችላለሁ፤ ፈርቻለሁም። ግን ሙሉው እውነት እርሱ አይደለም። ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ስለማውቅ ነው የመታሁት። እርሳቸው ጥፋተኛ ሆነው ከቀሩ እኔን የሚፈልገኝ የለም ብዬ ነው። ሽማግሌው ቀና ብለው አዩኝ። ለእናታችን አንዴ ነው የመታሁት ብያታለሁ። ሁለቴ ነው። መዶሻውን ከአንገቱ ሳይሆን ከጫፉ ይዤ፣ ልክ እንዳስተማሩኝ፣ ክብደቱ እንዲሠራልኝ አድርጌ። የአጥንቱን ድምፅ እስከዛሬ ምግብ ሳኝክ እሰማዋለሁ።

የሆነውን ሁሉ ካነሣሁ ይህንንም ልጨምር። ወጌሻው የቀጥቃጭ አጥንት አልነካም አለ። ጤና ጣቢያው ቁስሉን አስሮ አታት ሆስፒታል ይድረሱ አለ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ወለተ ሐና በቅሎ ፍለጋ ቤት ለቤት ዞሩ። የእኛም ደጅ መጡ፤ ከአጥሩ ውጭ ቆመው ተጣሩ። እናታችን ልትነሣ ስትል አባታችን በዓይናቸው አስቀመጧት። በቅሎዋ በረት ውስጥ ገለባ ታኝካለች፣ ሴትየዋ ያዩዋታል፣ እኔ ከማጀት ተደብቄ ሁለቱንም አያለሁ። ጥቂት ቆመው ሄዱ። ከወንድማቸውና ከሁለት ዘመዶቻቸው ጋር ሽማግሌውን በቃሬዛ ተሸክመው ተራራውን ተሻግረው፣ በአገና አድርገው ሦስት ቀን ተጓዙ። አታት ሲደርሱ ሁለቱ ጣቶች ጠቁረው ነበር፤ ሐኪሞቹ ቆርጠው ሕይወታቸውን አተረፉ። የቀሩት ሦስት ጣቶችም አይታጠፉም። መምህር ካሳሁን ግንባራቸው ተሰፍቶ አዲስ አበባ ሄዱ፤ እስካሁን አልተመለሱም።

ግንቦት መጨረሻ ላይ ሽማግሌዎች ከዋርካው ሥር ተቀመጡ። የተቀመጡት ስለተሰበረው እጅ አልነበረም፤ የቀጥቃጩ ቤተሰብ ከአገር ይውጣ አይውጣ ብለው ነው። አቶ ዱባለ የታሰረ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ከሰዉ ራቅ ብለው አፈር ላይ ተቀምጠዋል፤ ወይዘሮ ወለተ ሐና ከጎናቸው። እቃቸውን ጠቅልለው ነው የመጡት፤ ፍርዱን ሳይሰሙ ያውቁታል። ሽማግሌዎቹን የሚመሩት ሸህ ሙሀመድሰይድ «የሚናገር አለ?» ብለው ጠየቁ። ይህን የሚጠይቁት ለወጉ ነው። እኔ ተነሣሁ።

«በርበሬውን የገደለው የሰው እግር አይደለም፣ ውሃ ነው። ውሃውን የለቀቅኩት እኔ ነኝ። እርሳቸው በዝቷል ብለውኝ ስቄባቸዋለሁ። አውቄ እጃቸውን ሰበርኩ» አልኩ። ጨርሼ ሳልቀመጥ አባታችን ደረሱብኝ። በሽመላቸው አፌን ሲሉኝ ጥርሴ መዳፌ ላይ ወደቀ። ሁለተኛውን ስወድቅ ነው የሰበርኩት። እጅ ሰብሬ ቤት ስገባ ዝም ያሉኝ አባት ጥፋቴን ሲሰሙ ሊገድሉኝ ደረሱ፤ ይህን ነገር እስካሁን አውጥቼ አውርጄ ልረዳው አልቻልኩም። አራት ሰው ይዞ አስጣላቸው። ከሰዉ መካከል «አስደግመውበት ነው! ልጁን ይዘውት ነው!» የሚል ጩኸት ተነሣ። እውነቱን ብናገርም ቀጥቃጩ ነው የሚያናግረው ተባለ።

ደሜን ተፍቼ «ጉብታዋን እዩ» አልኩ። አላስተዋልኩትም ነበር፤ አፌ ደም ሞልቶ ሳለ ነው ትዝ ያለኝ። አቶ ዱባለ ሁለት ቀን የቆሙባት፣ የተቀመጡባት፣ አመድ የደፉባት ያች ጥግ ከፍ ያለች ስለሆነች የቦዩ ውሃ አይወጣላትም። እዚያ ያለውን በርበሬ ሰፍያ ነበረች በእንስራ እየቀዳች ጥቂት ጥቂት የምታጠጣው። ሸህ ሙሀመድሰይድ ከዘራቸውን አንሥተው መንገድ ጀመሩ፣ ሰዉም ተከተላቸው። ደረስን። ሜዳው በሙሉ ጥቁር ነው። የቀጥቃጭ እግር የረገጣት ጉብታ ግን አረንጓዴ ናት፤ በርበሬዋ አብቦ ፍሬ ይዟል። ሸሁ ከሜዳው አንድ ግንድ፣ ከጉብታዋ አንድ ግንድ ነቅለው ሥሩን አሸተቱና ለሀቢቡ ሰጡት። ሀቢቡም አሸተተ።  ከዚያ እዚያው ጭቃው ላይ ቁጭ ብሎ ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ይመታ ጀመር።

ይቅርታ የጠየቀ ሰው አልነበረም፤ አገራችንን ታውቀዋለህ። ሽማግሌዎቹ «ከአገር መውጣቱ ቀርቷል፣ የተቃጠለውን ዘጠኙ ቤተሰቦች ይሥሩ» ብለው ተበተኑ። ስለ እጁ ካሣ ሲነሣ «ካሣው የእኔ እጅ ነው፣ እስከፈለጉኝ ድረስ በእርሳቸው ዘንድ እሠራለሁ» አልኩ። አባታችን «እንግዲያው ቤቴ ያንተ ቤት አይደለም» አሉ። አቶ ዱባለ ደግሞ ምን አሉ መሰለህ? «እኔ አዛኝ አልፈልግም። እሳት ሁለት እጅ ይፈልጋል። ከመጣህ ማለዳ ና፣ ካረፈድህ ጉጠት እወረውርብሃለሁ።» አንድ ቀን አርፍጄ ወርውረዋል። በግራ እጃቸውም አይስቱም።

አሁን እዚህ ነኝ። ዳሱን አድሰን እርሳቸው በአፋቸው ያዛሉ፣ እኔ እመታለሁ። «ብረቱ ቀላ፣ አውጣው፤ አይደለም ደንቆሮ፣ ገና ነው!» ሲሉኝ እውላለሁ። ከቀድሞዎቹ ተማሪዎች ሁለቱ ተመልሰው መጥተዋል። ባለፈው ሳምንት ሀቢቡ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ሞተሩ እምቢ እንዳለው ተናገረ። አቶ ዱባለ ከውስጥ ሆነው «እግሬ መሬትህን እንዳይጎዳብህ አንተው ተሸክመህ አምጣው» አሉት። ስምንት ሰው ሆነው በጫንቃቸው ተሸክመው አመጡት! ስንሠራለት ሀቢቡን አጠገባችን አስቀምጠን ስለ በርበሬ ስጠይቀው ዋልኩ፤ መቼ ይጠማል፣ መቼ ይጠግባል፣ አፈሩ በጣት ሲነካ ምን ይላል እያልኩ። እርሱ የሚያውቀውን በወረቀት ጻፍኩ። ይህን መጀመሪያውኑ ብናደርገው ኖሮ ሽማግሌው ዛሬ አምስት ጣት ይኖራቸው ነበር። ሀቢቡ እጃቸውን እንዳያይ ሞተሩን ብቻ ሲያይ ዋለ።

አንተ ዘንድ መርከብ የሚመጣው ከዓለም ሁሉ ነውና አንድ ነገር ልለምንህ። የሞተር መጽሐፍ እልክልሃለሁ ብለኸኝ ነበር። እርሱ ይቆይ። ስለ ውሃና ስለ አፈር የሚያስተምር፣ ሥዕል ያለበት መጽሐፍ ካገኘህ ላክልኝ። ቋንቋው ባይገባኝም መምህር ካሳሁን ሲመለሱ ይነግሩኛል። ይመለሳሉ ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ፤ ደም የነካውን ያን ወረቀታቸውን አስቀምጬላቸዋለሁ።

እናታችን በጣም ሰላም ብላሃለች፤ የወገብህን ነገር ሳትጠይቀኝ ውላ አታድርም። በየጁምዓው ቆጮና አይብ በሰፍያ እጅ ትልክልኛለች፤ አባታችን እያዩ ያላዩ ይመስላሉ። ሰፍያ በፍቅር ሰላም ትልሃለች፤ የጉብታዋ በርበሬ ቀልቷል በልልኝ ብላለች። አባታችን ሰላም ይሉህ ነበር፤ እንደምጽፍልህ አላወቁም እንጂ። ሀቢቡ «ከማሉ ሰማ ወይ?» ብሎ ጠይቆኛል፤ ይሰማል ብዬዋለሁ። አቶ ዱባለ «ለወንድምህ ጀርባውን ይጠንቀቅ በለው» ብለዋል። ወይዘሮ ወለተ ሐና ሰላምታ አልላኩልህም፣ እኔም ለመጠየቅ አፌን አልከፈትኩም። እኔ ስጠማ ከጓሮ የእንሰት ቅጠል ቆርጠው፣ አጥፈው፣ በእርሱ ነው ውሃ የሚሰጡኝ። ዋንጫቸውን አላስነኩኝም። እቀበላለሁ፣ እጠጣለሁ፣ አላህ ይስጥልኝ እላለሁ።

መልስህን በአባታችን ስም አትላከው፤ አይደርሰኝም። ፖስታው ላይ በአቶ ዱባለ ስም ጻፈው። እዚህ ደብዳቤ ሲመጣ በገበያ መካከል ስም እየተጠራ ነው የሚሰጠው፣ አገር ሁሉ ቆሞ ይሰማል። እባክህ ወንድምዓለም፣ «አቶ» የሚለውን እንዳትረሳ።

ናፋቂ ወንድምህ ሸምሶ ሰይዶ
ቡታጅራ፣ በአቶ ዱባለ ብረት ቤት
ሐምሌ ፲፪ ቀን ፲፱፻፷፬ ዓ.ም.